በሎንዶን ኰረብታ ላይ ስለሚታደሉት የሐበሻ ድመቶች

ከሎንዶን ከተማ በስተ ደቡብ ሲድናም የሚባል ከፍ ያለ ኰረብታ አለ። ከቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር የተሳፈረ ሰው በግማሽ ሰዓት ያህል ከጐኑ ይደርሳል። ሕዝቡ ግን ስፍራውን ክሪስታል ፓላስ እያለ ይጠራዋል፤ ትርጓሜው የመስተዋት ቤተ መንግሥት ማለት ነው። የስሙ ምክንያት፣ በ1851 በሃይድ ፓርክ ለዓለም የሥራ ትርኢት ከብረትና ከመስተዋት የታነጸውን ታላቅ አዳራሽ ነቅለው ወደዚህ ኰረብታ በማምጣት፣ በ1854 አስፍተው ስለ ተከሉት ነው። (የአገራችን መሆኑን ካላመለከትሁ በቀር ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።) አዳራሹ 82 ዓመት በዚያ ከቆመ በኋላ በኖቬምበር 30 ቀን 1936 ሌሊት በእሳት ተቃጠለ። ዛሬ የቀረው ሰፊው የድንጋይ ደረጃ፣ የሰው ፊትና የአንበሳ ገላ ያላቸው ሐውልቶች፣ ከታች በሐይቁ ዳር ደግሞ በ1854 የተሠሩት የዳይኖሶር ምስሎች ናቸው። ምስሎቹ የተሠሩት የሊቃውንት ዕውቀት ገና ሳይሞላ ስለ ሆነ መልካቸው ብዙ ስሕተት አለበት፤ ዳሩ ግን ሕፃናት ይህን አይመረምሩም፤ እነርሱ የሚፈልጉት የሚያስፈራ መሆኑን ብቻ ነው።

በእንግሊዝ አገር የድመት ክብር የተጀመረው በዚሁ ኰረብታ ላይ ነው። በጁላይ 13 ቀን 1871 ሃሪሰን ዊር የተባለ የእንስሳት ሠዓሊ በመስተዋቱ አዳራሽ ውስጥ ከየስፍራው ድመት ሰብስቦ ለሕዝብ አሳየ፤ የሚሸለሙትንም ዳኞች መርጠው ሸለሙ። ከዚያ ቀደም ፈረስና ውሻ፣ በሬና በግ በዘራቸው ይታወቁ ነበር እንጂ ድመት ከአይጥ አዳኝነት በቀር ሌላ ማዕርግ አልነበራትም። በእኛም አገር ጌታው በፈረሱ ስም እስኪጠራ ድረስ ፈረስ ሲከበር፣ ድመት ግን ከውሮ በቀር ሌላ ስም ያገኘችበትን ቤት እኔ አላየሁም። በ1887 የእንግሊዝ ብሔራዊ የድመት ክበብ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ይኸው ሠዓሊ ሆነ። በ1910 ደግሞ ልዩ ልዩዎቹ ማኅበራት ተስማምተው የድመትን የዘር መዝገብ የሚጠብቅ አንድ ጉባኤ አቆሙ፤ መዝገቡም እስከ ዛሬ ይጻፋል።

እኔ ወደዚህ ኰረብታ የሄድሁበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። የአክስቴ ልጅ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር በደቡብ ሎንዶን ትኖራለች። እናቷን፣ ማለት አክስቴን፣ በመስከረም ከአገር ቤት አስመጥታቸው ነበር። ባልና ሚስቱ ማለዳ ወደ ሥራቸው፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አክስቴ እስከ ማታ ድረስ ብቻቸውን ይውላሉ። የጐረቤቱን ቋንቋ አያውቁም፤ ብርዱም ከቤት አያስወጣቸውም። ልጃቸው ይህን አይታ ተጨነቀችና የምታጫውታቸው ድመት ልትገዛላቸው አሰበች። የድመቶችን ዘር ስትመረምርም አቢሲኒያን፣ ማለት የሐበሻ ድመት የሚባል መኖሩን ባየች ጊዜ፣ ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብላ ወዲያው ከአንዲት አርቢ ጋር ቀጠሮ ያዘች። እኔም በጥር ወር በእንግድነት ከእነርሱ ዘንድ ስለ ነበርሁ ለአክስቴ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ ሄድሁ።

አክስቴ ዋጋውን በባቡር ውስጥ በሰሙ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም፣ «በዚህ ገንዘብ እኮ ጥማድ በሬ ይገዛል» አሉኝ። ጥቂት ቈይተው ደግሞ፣ «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማችም? ዘሯ ቢጻፍ ሥጋ መስረቋን ትተዋለች?» ብለው ሣቁ። ልጃቸው ግን አልሣቀችም፤ ነገሩ ለሷ ቀልድ አልነበረምና።

የአርቢዋ ቤት በኰረብታው ጀርባ በኩል በጠባብ መንገድ ዳር ያለ፣ ቀይ ጡብ የለበሰ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ዕድሜአቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። እንደ ገባን አስቀድመው ያዘዙን ጫማችንን እንድናወልቅና እጃችንን እንድንታጠብ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ በሽታ ወደ ግልገሎቹ እንዳይደርስ ነው። አክስቴ ይህን ሲያዩ፣ «እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው» ብለው ደስ ብሏቸው አወለቁ።

ግልገሎቹ አራት ነበሩ፤ ተወልደው 12 ሳምንት ሊሆናቸው ነው። እንዲለዩም በየአንገታቸው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ነጭ ጥብጣብ ታስሮላቸዋል። የዚህ ዘር መልክ ለማያውቀው ሰው የሚያስደንቅ ነው። ገላው እንደ ተራ ድመት ዥንጕርጕር ወይም ባለ መስመር አይደለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጠጕር ከሥሩ እስከ ጫፉ በሁለት ወይም በሦስት ቀለበት ቀላና ጠቈር እያለ ስለሚሄድ፣ ከሩቅ ሲያዩት የቈላ ጥንቸል ይመስላል። ዓይኑ ብጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ዙሪያው እንደ ተኳለ ጥቍር ነው። ጆሮው ትልቅ፣ እግሩ ቀጭን ነው። ከቶ አያርፍም፤ ከመጋረጃው ወደ መጽሐፍ መደርደሪያ፣ ከዚያም ወደ እንግዳ ትከሻ ይዘላል። እናቲቱ ግን የአምስት ዓመት ድመት ናትና ከምድጃው አጠገብ ተጋድማ ልጆቿን በአንድ ዓይኗ ትጠብቅ ነበር።

የአክስቴ ልጅ፣ «እንግዲህ ይህ የአገራችን ድመት ነው» ባለች ጊዜ ባለቤቲቱ ፈገግ ብለው የስሙን ታሪክ አስረዱን። በ1870ዎቹ በታተመ አንድ የድመት መጽሐፍ ውስጥ ዙላ የምትባል ድመት ሥዕል ይገኛል፤ ከአቢሲኒያ ጦርነት ፍጻሜ በኋላ ከዚያው አገር እንደ መጣች፣ ባለቤቷም የአንድ የእንግሊዝ ካፒቴን ሚስት እንደ ነበረች ተጽፏል። ዙላ ማለት የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ለመውጣት ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። ስለዚህ የዘሩ ስም ሐበሻ ሆኖ ቀረ። ዳሩ ግን ሥዕሉ የዛሬዎቹን ድመቶች እምብዛም አይመስልም። ደግሞም በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ባለው የእንስሳት ሙዚየም፣ ከመቅደላ ጦርነት 30 ዓመት ያህል ቀድሞ የተገዛ፣ ቈዳው ተሞልቶ የተቀመጠ አንድ ድመት አለ፤ ጠጕሩ እንደዚሁ ባለ ቀለበት ነው፤ አገሩ ግን ሕንድ ተብሎ ተጽፎበታል። በዚህ በእኛ ዘመን የድመቶችን ደም የመረመሩ ሊቃውንትም የዚህ ዘር ወገን በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ከዚያ ወደ ምሥራቅ ባሉት አገሮች እንደሚገኝ አስታወቁ። እንግዲህ ከእኛ ያለው ስሙ ብቻ ነው። ይህን ለአክስቴ በተረጐምሁላቸው ጊዜ እንደ ማዘን ፈንታ ደስ አላቸውና፣ «እኔስ መቼም የኛ አለመሆኗን በጆሮዋ ዐውቄዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ግን ስለ መቅደላ የተነሣው ነገር በልባቸው ቀርቶ ኖሮ፣ ባለቤቲቱ ግልገል ከእናቱ ከ13 ሳምንት በፊት ከቶ እንደማይለይ ሲናገሩ፣ «በል ንገራቸው፤ በዚያው ጊዜ ዓለማየሁን ሲወስዱት እንዲህ አድርጎ የጠየቀለት ሰው ነበረን?» አሉኝ። እንደ ታዘዝሁት ነገርኋቸው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. በአገራችን አቈጣጠር፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ከመቅደላ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕሩ ሳይደርሱ በመንገድ ሞቱበት፤ በእንግሊዝ አገር ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሮ በ1879፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ በሚባል ከተማ ዐረፈ፤ መቃብሩም በዊንድሶር ነው። ባለቤቲቱ ታሪኩን አያውቁትም ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ተነሥተው ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ።

ሻዩን ይዘው ሲመለሱ ደግሞ ወረቀት አመጡ። በዚህ ጊዜ ገዢዎች ሁሉ መልክ ያያሉ እንጂ ወረቀት አያዩም ብለው ነቀፉ። ወረቀቱ የአባትና የእናት የደም ምርመራ ነው። ይህ ዘር በሁለት በሽታ ይፈተናል፤ አንደኛው ደምን የሚያጐድል፣ ሁለተኛው ዓይንን የሚያጠፋ ነው። ዓይን የሚያጠፋው በተለይ ክፉ ነው። ግልገሉ ሲሸጥ አጥርቶ ያያል፤ ገዢውም አንዳች ነገር አያውቅም። ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ማየቱ እየደከመ ሄዶ በሦስትና በአምስት ዓመት መካከል ፈጽሞ ይታወራል። ጕድለቱን በስውር የተሸከሙ አባትና እናት ቢገናኙ በአማካይ ከአራት ልጆቻቸው አንዱ ይታመማል። ሊቃውንት የበሽታውን ሥር ያገኙት በ2007 ነው፤ በዚያው ዓመት ከድመት ወገን ሁሉ አስቀድሞ የዘሯ ጽሑፍ የተነበበላት ሲናሞን የተባለች ድመትም የዚሁ የሐበሻ ድመት ዘር ነበረች፤ የምትኖረውም በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እርስዋም ራስዋ ይህንኑ የዓይን በሽታ ያላት ስለ ነበረች ለምርመራው ጠቀመች። ዛሬ በጥቂት ገንዘብ ምርመራው ይደረጋል፤ ሳያስመረምሩ የሚያዳቅሉ ሰዎች ግን አልጠፉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይኸውም ባለቤቲቱ ግልገሉን ከቤተ ሰቡ ጋር የሚያገናኙበት ሥርዓት ነው። እኔ የመሰለኝ ገንዘብ ያለው ሰው መጥቶ የወደደውን መርጦ የሚሄድ ነበር። በእርሳቸው ቤት ግን መራጩ ገዢው አይደለም። ቀጭን ደብተር አላቸው፤ ግልገሎቹ ዓይናቸውን ከገለጡበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ የእያንዳንዱን ጠባይ ይጽፉበታል። ድምፅ ሲሰማ ማን ይሸሻል፣ ማን ይቀርባል፤ ከጨዋታ በኋላ ብቻውን የሚተኛው ማን ነው፣ ወደ ሰው ጭን የሚመጣው ማን ነው፤ ይህ ሁሉ ተጽፏል። በተለይ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ግልገሉ ሰውን የሚለምድበት ዋና ጊዜ ስለ ሆነ፣ በነዚያ ሳምንታት ልጆችም ሽማግሌዎችም እየመጡ እንዲይዟቸው ያደርጋሉ፤ የልብስ ማጠቢያውንም መኪና ሆነ ብለው ያስጮኹታል። ነገር ግን እንዲህ አድርገው በአንድነት ያሳደጓቸው ግልገሎች እንኳ በጠባይ አንድ አይሆኑም፤ ከአባታቸው የሚወርሱት ድፍረትና ፍርሃት አለና።

በደብተሩ በሌላው ገጽ ደግሞ የጠያቂዎቹ ቤተ ሰቦች ነገር ተጽፏል፦ ቀን በቤት የሚውለው ማን ነው፤ መስኮቱ መረብ አለውን፤ ሌላ እንስሳ አለን፤ ከልጆቹ ታናሹ ስንት ዓመቱ ነው፤ ባለቤቶቹ ቢታመሙ ወይም ቢሞቱ ድመቷን የሚወስዳት ማን ነው። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስቈጣል አሉ። እኔ ግን በፍርድ ቤት የኑዛዜ ክርክር ስጽፍ የኖርሁ ስለ ሆንሁ ጥያቄው እጅግ ተገቢ ሆኖ ታየኝ፤ ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለችና።

ባለ ሰማያዊው ጥብጣብ ዝምተኛ ወንድ ነው፤ ሲጫወት እንኳ አይጮኽም። እርሱ የተመደበው መምህራን ለነበሩና ጡረታ ለወጡ ባልና ሚስት ነው። በቤታቸው አንድ የሸመገለ ድመት አለ፤ ጓደኛው ሞቶበት መብል ትቶ ነበር። ለእንደዚህ ያለ ሽማግሌ ሲዘል የሚውል ግልገል ቢሰጡት ይገድለው ነበር አሉ። ባለ ቀዩ ጥብጣብ ደግሞ ከሁሉ የበረታው ነው፤ መልኩም እንደ ዳማ ፈረስ የቀላ ነው። እርሱን ሦስት ወንዶች ልጆችና አንድ ውሻ ወዳሉበት ቤት ላኩት፤ ውሻው አስቀድሞ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። ከዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ ታናሽ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ሕፃን፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከገባን ጊዜ አንሥቶ ከባለ ቀዩ ጋር ስትጫወት ነበርና የራሷ መስሏት ኖሯል።

ባለ አረንጓዴው በመልክ ከሁሉ ያማረ ነው፤ በትርኢት የሚሸለም ነው ይሉታል። አንድ ባለ ጠጋ ሰው የዋጋውን እጥፍ ሊከፍል ጠይቆ ነበር። ባለቤቲቱ ለማን እንደሆነ ቢጠይቁት ለአንዲት ወይዘሮ የልደት በዓል ስጦታ መሆኑን፣ ወይዘሮዪቱም አለማወቋን፣ ነገሩ በድንገት እንዲሆን መፈለጉን ነገራቸው። ባለቤቲቱም አልሰጥም አሉት። ሰውየው ተቈጥቶ ሄደ። እኔ ይህን ስሰማ እጥፍ ዋጋ መመለሳቸው ትንሽ ገርሞኝ ነበር፤ ቤታቸው የባለ ጠጋ ቤት አይደለምና።

የቀረችው ባለ ነጩ ጥብጣብ ናት፤ ትንሽ፣ ፈሪ፣ ከእናቷ ሥር የማትለይ ሴት ግልገል። የአክስቴም ልጅ፣ «እንግዲያው ይህችን እንወስዳለን፤ እናቴ ቀኑን ሙሉ በቤት ናቸው፤ ብቻዋን አትሆንም» አለች። ባለቤቲቱ ደብተራቸውን ገልጠው ብዕራቸውን አነሡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «እናትዎ በሚመጣው ዓመት በዚህ ጊዜ በቤትዎ ይኖራሉን?»

የአክስቴ ልጅ ያለማመንታት፣ «አዎን፤ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት» ብላ መለሰች። ባለቤቲቱ ግን ፊታቸውን ወደ አክስቴ መልሰው፣ ጥያቄውን ለእርሳቸው እንድተረጕምላቸው ጠየቁኝ። ተረጐምሁ። አክስቴ እናቲቱን ድመት እያዩ ጥቂት ቈዩ። ከዚያ፣ «እኔ ከፋሲካ በኋላ አገሬ እገባለሁ። ለልጄ አልነገርኋትም እንጂ ልቤ ከቈረጠ ሰንብቷል። የቤቴ ቍልፍ ከጐረቤት ነው፤ የማርያም ማኅበሬ ተራ በግንቦት ይደርሰኛል፤ የአባቷ መቃብርም ያለው እዚያው ነው። እዚህ በደስታ ተቀምጫለሁ፤ ነገር ግን የመጣሁት ለመጠየቅ ነው፤ ለመኖር አይደለም» አሉ።

ልጃቸው ይህን የሰማችው ከኔ ጋር በአንድነት ነው፤ ባለቤቲቱ ግን ገና አልሰሙም። ፊቷን አይቼ ቃሉን ላለዝበው ወይስ ልተወው ብዬ አሰብሁ። አስተርጓሚ የሰማውን ከመናገር በቀር ሌላ ሥልጣን የለውምና ቃል በቃል ተናገርሁ። የአክስቴ ልጅ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሕፃኗ ማልቀሷን ትታ አያቷን ታይ ጀመር።

ባለቤቲቱ አልቸኰሉም። ሻይ እንደ ገና ቀዱ። ኋላም በለዘበ ድምፅ፣ «ድመቷን የሚፈልጓት ለእናትዎ ከሆነ፣ እርሳቸው ሲሄዱ የማን ትሆናለች? እናትዎ እንዲቀሩልዎ ከሆነ ግን ይህን የምታደርግ ድመት በቤቴ የለችም» አሏት። የአክስቴ ልጅም ፊቷን ሳትመልስ፣ «ለልጆቼም እፈልጋታለሁ፤ የኔንም ቤት ታሞቃለች ብዬ ነው» ስትል መለሰች። እናትና ልጅ ከዚያ በኋላ በአማርኛ የተነጋገሩትን እዚህ አልጽፈውም፤ አልተረጐምሁትምም። ይህን ብቻ እላለሁ፤ ነገሩ ብዙ ወራት ያልተነገረ ነበርና ሁለቱም አለቀሱ፤ ሁለቱም ቀለላቸው።

ያን ቀን ግልገል ሳይሰጠን ተመለስን። የባለቤቲቱ ምክንያት ግልጽ ነበር። ይህ ዘር ብቻውን መዋል አይችልም፤ አያቲቱ ከሄዱ በኋላ ቤቱ በቀን ዘጠኝና ዐሥር ሰዓት ባዶ ይሆናል፤ ፈሪዪቱ ግልገል በዚያ ባዶ ቤት ከአልጋ ሥር ተደብቃ ታድጋለች። የአክስቴ ልጅ በመንገድ ላይ አንዳች አልተናገረችም። በሳምንቱ ግን ባለቤቲቱ በስልክ ጠርተው አንድ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። እናቲቱ ድመት ሦስት ጊዜ ወልዳለችና ከእንግዲህ እንዳትወልድ በሐኪም ሊያስመክኗት ነው፤ የወለደች ድመትም ከአርቢ ቤት ወጥታ በተራ ቤት ብታርፍ ይሻላታል። ስለዚህ እናቲቱንና ባለ ነጭ ጥብጣቧን ልጅ በአንድነት ቢወስዱ፣ አንዷ ለአንዷ ጓደኛ ትሆናለች፤ ለእናቲቱም የሐኪሙን ወጪ ብቻ እንጂ ዋጋ አይጠይቁም። ነገር ግን ሁለቱም ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ለየብቻ አይሰጡም።

በተቀጠረው ቀን እንደ ገና ወጣን። ውሉን እንዳነብላቸው ጠየቁኝና አነበብሁ፤ ሦስት ገጽ ነው። ድመቶቹ በቤት ውስጥ ወይም በታጠረ ግቢ ይጠበቃሉ፤ ልጂቱ ዕድሜዋ ሲደርስ ትመክናለች፤ በዘር መዝገቡም ለመራባት በማይፈቀድላቸው ተራ ተጽፋለች። ለሌላ ሰው መሸጥ ወይም መስጠት አይቻልም፤ ማቆየት የማይቻል ቢሆን በማናቸውም ዕድሜ ወደ አርቢዋ ይመለሳሉ። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ እጅግ አስደሰተኝ። በአገራችን ፍርድ ቤት ሻጭ ዕቃውን ከሸጠ በኋላ ኀላፊነቱን ለመሸሽ ሲሟገት ነው የማየው፤ እኒህ ሴት ግን ኀላፊነቱን ለዕድሜ ልክ በገዛ ፈቃዳቸው በላያቸው ላይ ይጽፋሉ። ዋስ አለመጠየቃቸው ብቻ ገርሞኝ ብጠይቃቸው፣ «እኔ በየወሩ እደውላለሁ» አሉኝ።

የመንግሥቱም ሕግ ይረዳቸዋል። በእንግሊዝ አገር ከ2020 ጀምሮ ስድስት ወር ያልሞላትን ግልገል ድመት በንግድ የሚሸጥ ሰው ራሱ ያረባት መሆን አለበት፤ ነጋዴ ከሌላ ገዝቶ ሊሸጣት አይችልም። ከጁን 10 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ የሰው ንብረት የሆነች ድመት ሁሉ 20 ሳምንት ሳይሞላት፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ቍጥር ያለበት መለያ ከቈዳዋ ሥር ሊገባላት ግድ ነው። ብትጠፋ ቍጥሩ በመሣሪያ ተነቦ ባለቤቷ ይታወቃል።

ባለቤቲቱ የሳምንት ምግብ፣ የክትባቱን ወረቀትና የተኙበትን ብርድ ልብስ ጨምረው ሰጡን። ብርድ ልብሱን ሳታጥቡ አንጥፉላቸው፤ የሚያውቁት ሽታ እርሱ ነው አሉ። ሁለቱን ቅርጫቶች እስከ በሩ ድረስ ራሳቸው ተሸክመው አወጡ። እናቲቱን ሲሰናበቱ ፊታቸውን ከኛ መልሰው ነበር። አክስቴም ይህን አይተው እጃቸውን ያዙና በአማርኛ መረቋቸው፤ ባለቤቲቱም እንድተረጕምላቸው ሳይጠይቁ «አሜን» አሉ።

በቤት የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቀላል አልነበሩም። ትንሿ ከአልጋ ሥር ገብታ ስምንት ቀን ያህል ከሌሊት በቀር አልወጣችም። ሕፃኗ በየማታው ከወለሉ ላይ ተጋድማ የትምህርት መጽሐፏን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላት ነበር፤ ይህን የመከሯት ባለቤቲቱ ናቸው። በዘጠነኛው ቀን ድመቷ ወጥታ ከመጽሐፉ ላይ ተቀመጠች። የባለ ቀዩም ነገር በዚያው ተረሳ። እናቲቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአክስቴን ጋቢ ያዘች። አክስቴ ዳዊታቸውን ሲደግሙ ከጉልበታቸው አትነሣም፤ እርሳቸውም ውሮ እያሏት ከቅንጬአቸው ያካፍሏት ነበር፤ ይህ ግን በውሉ የተፈቀደ አይመስለኝም።

አክስቴ ፋሲካን ከልጆቻቸው ጋር ፈስከው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አገራቸው ገቡ። ጋቢውን ለድመቷ ትተውላት ሄዱ። ልጃቸው ስለ መሄዳቸው አሁንም ታዝናለች፤ ነገር ግን በሚመጣው ጥምቀት ልጆቿን ይዛ ልትጠይቃቸው ቲኬት ቈርጣለች። ሁለቱን ድመቶች በዚያን ጊዜ የሚጠብቁላት ባለቤቲቱ ናቸው።

ባለ አረንጓዴው ጥብጣብ፣ ያ ያማረው፣ እኛ ቅርጫቶቹን ይዘን በወጣን ቀን ገና ቤት አላገኘም ነበር። በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ አየን። ባለቤቲቱ ሁለት ቤተ ሰቦች እየመረመሩ መሆናቸውንና ለመወሰን እንደማይቸኵሉ ነግረውናል።